ሥርዓት የሌለው ነገር እንዴት ይበላሻል?

ይህ ስለ መስታወት ብልሽት ለፊዚክስ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብይ ያልተጫወተ የለም ብዬ ልጀምር። አፈር ላይ አምስት ስድስት ብይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። እናንተ ራቅ ብላችሁ ተንበርክካችሁ አንዷን በአውራ ጣት ታስፈነጥራላችሁ። የመጀመሪያዋን ትገጫለች፣ እሷ ጎኗ ያለችውን፣ ያቺ ደግሞ ሌላዋን፣ ከዚያ ሁሉም በየአቅጣጫው ይበተናል። የወረወራችኋት ብይ ጉልበቷን ጨርሳ እዚያው መሃል ትቀራለች።

የዛሬው ወሬ ይኸው ነው። ብዮቹ አተሞች ናቸው። የምትወረወረዋ አዮን ናት፣ ማለትም ኤሌክትሮን ተነጥቃ ቻርጅ የያዘች አተም። ቻርጅ ስላላት በከፍተኛ ቮልቴጅ መግፋት ይቻላል። አየሩ በወጣለት ቱቦ ውስጥ ትጋልብና ዒላማው ውስጥ ገብታ ትቀበራለች። አዮን ኢምፕላንቴሽን የሚባለው ይህ ነው፤ እኔ ባጭሩ አዮን መትከል እለዋለሁ። ዊሊያም ሾክሌይ በ1954 ለሴሚኮንዳክተር ሥራ የፈጠራ መብት የጠየቀበት ዘዴ ነው፤ ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ቺፕም በዚሁ ያለፈ ነው። ቺፑን ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የያዘኝ መስታወቱ ነው።

ለምን መሰላችሁ? አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ክሪስታል ሲበላሽ ይታወቃል። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። አንድ ሰው ከመሃል ቢወጣ ክፍተቱ ይታያል፣ አንዱ ከጎን ቢገባም ሰልፈኛው ሁሉ ይጮኻል። መስታወት ግን ሰልፍ የለውም። መስታወት መርካቶ ነው። መርካቶ መሃል አንድ ሰው ሦስት እርምጃ ቢንቀሳቀስ ማን ልብ ይላል? መጀመሪያውኑ ሥርዓት የሌለው ነገር ውስጥ "ተበላሸ" ማለት ምን ማለት ነው?

እኔ ይህን ጥያቄ በራሴ ናሙና ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዋን ቁራጭ በአዮን አስመትቼ ስቀበላት ጥፍር የምታክል፣ ንጹሕ፣ እንደ ውኃ የጠራች መስታወት ነበረች። ወደ ብርሃን አነሳኋት። ገለባበጥኳት። ምንም የለም። አንድ ሳምንት የጠበቅኩት ሥራ የከሸፈ መሰለኝና በጣም ከፋኝ። ናሙናዋን ለሚያስተምረኝ ሰው አሳየሁት። "ዓይንህ የሚያየው ቦታ ላይ አይደለም የተጎዳው" አለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ መስታወቱን እንወቀው። የመስኮት መስታወት ውስጥ ሶዲየምና ካልሲየም አለ፣ ነገሩን ያወሳስባል። በንጹሑ እንጀምር፣ ሲሊከንና ኦክስጅን ብቻ በሆነው የሲሊካ መስታወት። ሲሊከን አራት እጅ አለው በሉ፣ ኦክስጅን ሁለት። እያንዳንዱ ሲሊከን አራት ኦክስጅን ይይዛል፣ እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት ሲሊከን ያገናኛል። ይህ ሕግ በኳርትዝ ክሪስታልም በመስታወትም ውስጥ ያው ነው። በሲሊከንና በኦክስጅን መካከል ያለው ርቀትም በሁለቱም ወደ 0.16 ናኖሜትር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ራቅ ብላችሁ ስታዩ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ሁለት ሲሊከኖች ኦክስጅናቸውን ይዘው የሚሠሩት ማዕዘን በየቦታው አንድ ነው። በመስታወቱ ግን ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ይዋዥቃል፣ አማካዩ 144 አካባቢ ነው። ዊሊያም ዛካሪያሰን የሚባል ኖርዌይ የተወለደ ሳይንቲስት በ1932 ይህን ሥዕል በአንድ አጭር ጽሑፍ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እሱን ነው።

አያችሁ፣ መርካቶም ቢሆን ሕግ አለው። ሰልፍ የለም፣ ግን እናት የልጇን እጅ አትለቅም። ስለዚህ ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ተገኘ፦ በመስታወት ውስጥ ብልሽት ማለት ባዶ የቀረ እጅ ነው። ሁለተኛ መልስም አለ፣ እሱ ይብሳል፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

አሁን አዮኗን እንልቀቃት። 100 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ይዛ ትግባ፤ አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ነው። አንድን የሲሊከንና የኦክስጅን እጅ ለማለያየት የሚያስፈልገው አምስት ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞላም። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። የምትጓዘው ርቀት ግን ኢምንት ነው። አርጎን ብትሆን ወደ 100 ናኖሜትር ገብታ ትቆማለች፤ ቀጭን ፀጉር እንኳ ከዚህ 500 እጥፍ ይወፍራል። ያ ሁሉ ጉልበት እዚያች ስስ ሽፋን ላይ ይወርዳል። መንገዷ ላይ ያለውን አተም ትገጫለች፣ የተገጨው ሌላውን ይገጫል፣ ብይ በብይ ላይ። አንድ አዮን በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ አተሞችን ከቦታቸው ታስነሳለች። ሁሉም ነገር ከሰከንድ ቢሊዮንኛ በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ይህ የዝግታ ጉዞ ነው፣ በአዮን ዓለም ዝግታ ማለቴ ነው። ጉልበቷ በሚሊዮኖች ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በጣም የፈጠነች አዮን የአተሞቹን እምብርት እምብዛም አትገጭም። ዙሪያቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች እየጠራረገች ታልፋለች፣ በስንዴ ማሳ መሃል በፈረስ እንደ መጋለብ። ከባድ ግጭት የለም፣ የተረገጠ መስመር ግን ይቀራል። አዮኗ ከባድ ከሆነች በመስመሩ ላይ ያለው መስታወት ለቅጽበት ይቀልጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይረጋል፤ የተረፈው ዱካ ጥቂት ናኖሜትር ስፋት አለው። ከማሳው ጫፍ ስትደርስ ፈረሱ ይደክማል፣ ያኔ ወደ ብይ ጨዋታው ትመለሳለች። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ጉልበቱ ለኤሌክትሮኖች ወይስ ለእምብርቶች ሄደ የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

እሺ፣ ባዶ እጆቹ የት አሉ? በ1956 ሮበርት ዊክስ በቴነሲው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ጨረር የመታውን ኳርትዝና መስታወት ማግኔት ውስጥ አስቀምጦ በማይክሮዌቭ መረመረ። አንድ ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ይታያል፣ እሱም አየው። ሦስት ኦክስጅን ይዞ አራተኛ እጁ ባዶ የቀረ ሲሊከን ነበር። ዛሬ ኢ ፕራይም እንለዋለን፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው እንደ ጎረቤቱ ስም ነው የሚያውቀው። ይህ ጉድለት ብርሃን ይውጣል፣ ግን የሚውጠው 215 ናኖሜትር አካባቢ፣ ከሐምራዊም ወዲያ፣ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። የኔ ቁራጭ ጠርታ የታየችኝ ለዚህ ነበር። ለእኔ ጠርታለች፣ ለአልትራቫዮሌት ግን ጨልማለች።

ኦክስጅኑስ? እሱም አንድ እጁን ሲያጣ ለብቻው ይንጠለጠላል። ጉልበት ስታቀብሉት 650 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ይፈካል። መሃል ያለው ኦክስጅን ተባሮ ሁለት ሲሊከኖች በቀጥታ ሲያያዙ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይፈጠራል፣ እሱ የሚሰጠው ሰማያዊ ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ በማሽኑ ትንሽ መስኮት ስታጮልቁ፣ አዮን እየዘነበበት ያለው ሲሊካ በሰማያዊ ብርሃን ሲያበራ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ባየው አልጠግብም። ምቱ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለምን ካላችሁ፣ ጉድለቶቹ ራሳቸው እየተበላሹ ነው።

በነገራችን ላይ የተመታ መስታወት ቀለም እንደሚቀይር መጀመሪያ የጻፉት ፒየርና ማሪ ኩሪ ናቸው። በ1899፣ የራዲየም ጨው የተቀመጠበት የመስታወት ዕቃ ወደ ቫዮሌት ሲዞር አስተዋሉ። ያ ተራ መስታወት ስለነበር ውስጡ ያለው ባዕድ ነገር ቀለሙን ለዓይን አወጣው።

ወደ ሁለተኛው መልስ ልምጣ። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ሁሉም እጅ ተያይዟል እንበል። አንድም ባዶ የለም። መስታወቱ ግን ተለውጧል። እንዴት? የሲሊካ መስታወት አንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ 2.20 ግራም ይመዝናል። ኳርትዝ ክሪስታል 2.65 ግራም። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፣ አንዱ ተጠቅጥቆ ተሰልፏል፣ ሌላው ሰፋ ብሎ ተበትኗል። አሁን ሁለቱንም ምቱ፣ ደጋግማችሁ፣ እስኪበቃቸው። መስታወቱ መጠቅጠቅ ይጀምራል። ኳርትዙ መስፋፋት ይጀምራል። ሁለቱም 2.26 አካባቢ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ብትመቱም ብትመቱ እፍጋታቸው አይለወጥም። መስታወቱ ወደ 3 በመቶ ከበደ፣ ኳርትዙ ወደ 15 በመቶ ቀለለ፣ መሃል መንገድ ላይ ተገናኙ። ዊሊያም ፕሪማክ በ1958 ይህን ያሳየው በኒውትሮን ነው። ኒውትሮን ግን ሥራውን የሚሠራው አተም ገጭቶ በማስፈንጠር ስለሆነ የተገጨው አተም ራሱ እንደ አዮን ይሮጣል፣ አዮን ስትተክሉም ውጤቱ ያው ነው።

ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። አንዱ ሰልፍ ነበር፣ ሌላው መርካቶ። ከበቂ ምት በኋላ ከየት እንደመጡ በእፍጋታቸው መለየት አይቻልም። አንድ ሦስተኛ ነገር ሆኑ። መነሻቸውን ረሱ።

በውስጥ የሆነው ምንድን ነው? በመስታወት ውስጥ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተያያዙ ቀለበት ይሠራሉ፣ እንደ ልጆች ክብ ጨዋታ። ብዙው ቀለበት ስድስት ሲሊከን አካባቢ አለው። ጥቂት ባለ አራት አሉ፣ ባለ ሦስት ደግሞ ብርቅ ነው፣ ምክንያቱም ሦስት ሆኖ ክብ መሥራት እጅን ያስጨንቃል። አዮን ስትመታ ይህ የተጨነቀ ትንሽ ቀለበት ይበዛል። በራማን መሣሪያ ይታያል፤ ሌዘር ታበራላችሁ፣ ተበትኖ የሚመለሰው ብርሃን የአተሞቹን ንዝረት ይናገራል። 495 ላይ (በሴንቲ ሜትር የሞገድ ቁጥር ማለቴ ነው) ያለችው ቀጭን ጫፍ የባለ አራቱ ናት፣ 606 ላይ ያለችው የባለ ሦስቱ። ይህን ለመለየት ከደከሙት አንዱ ፍራንክ ጋሊነር ነው። ያቺን የከሸፈች የመሰለችኝን ቁራጭ ራማን ስር ሳስገባት ካልተመታው ጥጓ ላይ 606 ትንሽ ጉብታ ነበር። በተመታው በኩል ተነስቶ ቆመ። ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮህኩ። አንድም ባዶ እጅ መፈለግ አላስፈለገኝም፣ ቀለበቶቹ መጥበባቸው በቂ ነበር። ቀለበት ሲጠብ ማዕዘኑም ከ144 ዝቅ ይላል፣ አተሞቹ ይቀራረባሉ፣ መስታወቱ ይጠቀጠቃል።

ይህ መጠቅጠቅ የሚሆነው ላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ነው ብያለሁ። ታችኛው ክፍል አልተነካም። ላዩ መኮማተር ይፈልጋል፣ ታቹ አልለቅም ይላል። መስታወቱ ስስ ከሆነ በተመታው በኩል ይቆለመማል። ክፍት የተተወ እንጀራ ላዩ ቀድሞ ሲደርቅ ጠርዙ ወደ ላይ እንደሚነሳው። ያንን መቆልመም በመለካት መስታወቱ ምን ያህል እንደተጨነቀ ማወቅ ይቻላል፣ በ1970ዎቹ በዚህ መንገድ ብዙ ተሠርቷል።

የተጠቀጠቀ መስታወት ብርሃንንም ይበልጥ ያጎብጣል፣ የስብረት መጠኑ ከ1.458 በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ግን ብርሃን ከፍ ያለ ስብረት ባለበት መንገድ ውስጥ ተይዞ መጓዝ ይወዳል፣ የፋይበር ኬብል ምስጢርም ይኸው ነው። በ1968 ሲሊካን በፕሮቶን መትተው ውስጡ የብርሃን ቦይ የሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ብልሽት ያልነው ነገር ለብርሃን መንገድ ሆነ።

አንድ ሌላ የሚገርም ነገር። በጣም ፈጣን የሆነ ከባድ አዮን ስትለቁበት መስታወት ይፈሳል። ሙሉው ሳይቀልጥ። ከጨረሩ ጋር በሚያያዘው አቅጣጫ ያጥራል፣ በጎን ይረዝማል፣ መጠኑ ግን ያው ነው። በ1983 በብረታማ መስታወት፣ ማለትም አተሞቹ ባልተሰለፉ ብረት ላይ ታየ። በ2000 ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ አልበርት ፖልማንና ባልደረቦቹ ድብልብል የሆኑ የሲሊካ ቅንጣቶችን በዜኖን አዮን መቱ። እንደ ሽምብራ የነበሩት እንደ ምስር ጠፈጠፉ። ክሪስታል እንዲህ አያደርግም። ክሪስታል ሲናወጥ የሚመለስበት ቦታ ያውቃል፣ ሰልፉ ይጠራዋል። መስታወት የሚጠራው ቦታ የለም፣ በረጋበት ይቀራል።

ይህ ሁሉ በማሽን ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ሰርቬየር 3 የምትባል የአሜሪካ መንኮራኩር በሚያዝያ 1967 ጨረቃ ላይ አረፈች። በኅዳር 1969 የአፖሎ 12 ጠፈርተኞች በእግራቸው ሄደው ካሜራዋን ነቅለው መለሱ። ካሜራዋ ውስጥ የመስታወት ማጣሪያ ነበር። 31 ወር ሙሉ ያለ አየር፣ ያለ መከለያ ፀሐይ ፊት ቆሟል። ተመራማሪዎቹ መስታወቱን በአሲድ ሲያጥቡት ጥቃቅን ጉድጓዶች ወጡ፤ ከፀሐይ የተወረወሩ የብረት አዮኖች ዱካ ነበሩ። የተጎዳ መስታወት ለአሲድ ቶሎ ስለሚሸነፍ ዱካው ይሰፋል፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። በምድርም ላይ እንዲሁ ነው። ባልጩት የምንለው የእሳተ ገሞራ መስታወት ውስጥ ትንሽ ዩራኒየም አለ። አልፎ አልፎ አንዱ አተም ራሱ ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱ ቁራጮች መስታወቱን እየቀደዱ ይሮጣሉ። ዱካውን ቆጥሮ፣ የዩራኒየሙን መጠን ለክቶ ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደሆነው ማስላት ይቻላል። መልካ ቁንጥሬ አካባቢ መሬት ላይ የሚያብለጨልጨውን ጥቁር ባልጩት ያየ ሰው ካለ፣ የጥንት ሰው ቢላ የቀረጸበትን ማለቴ ነው፣ ውስጡ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዳለ ይወቅ።

ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፈረንሳይ ላ ሃግ ውስጥ ከኑክሌር ማመንጫ የወጣውን አደገኛ ቆሻሻ ከመስታወት ጋር አቅልጠው በብረት ዕቃ ያፈሱታል። መስታወቱ ቦሮን ያለበት ነው። ያ ቆሻሻ ለሺህ ዓመታት ራሱን ከውስጥ ይመታል። አንድ ከባድ አተም አልፋ የምትባል ቅንጣት፣ ማለትም የሂሊየም እምብርት፣ ሲተፋ፣ አልፋዋ 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይዛ በአንድ በኩል ትጋልባለች፣ የቀረው እምብርት እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ወደ ኋላ ይገፋል። የሰደፉ ጉልበት 100 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ብዙውን አተም የሚያፈናቅለው እሱ ነው፣ ከአልፋዋ አሥር እጥፍ ገደማ። ፈረሱና ብዩ ትዝ አላችሁ?

ታዲያ ያ መስታወት ይችላል ወይ? ሺህ ዓመት ቆሞ የሚጠብቅ ተመራማሪ የለም። አንዱ መንገድ ቶሎ የሚፈርስ፣ ኩሪየም 244 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ቀላቅሎ ዓመታት መጠበቅ ነው። ሌላው አዮን መትከል ነው፣ የዘመናትን ምት በሰዓታት ውስጥ ማሳረፍ። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ መሆኑ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው። የመስታወቱ ጥንካሬ በሲሶ ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። መጠኑ 1 በመቶ ሳይሞላ ያብጣል፣ ከዚያ ይቆማል። አራት ኦክስጅን ይዞ የነበረ ቦሮን አንዱን ለቆ ባለ ሦስት ይሆናል። የሚገርመው ደግሞ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል። እንደገናም አልፋዋ፣ በአብዛኛው በኤሌክትሮኖች መሃል የምታልፈው ፈረሰኛ፣ ሰደፉ ያፈረሰውን በከፊል ትጠግናለች። ይህ መስታወት ሰው ካላየው ትውልድ ጋር የተዋዋለበት ዕቃ ስለሆነ እነዚህን ቁጥሮች በስሜት ነው የማነባቸው። መስታወቱን ለማመን ሙሉ ዋስትና አይደሉም፤ ውኃ ሲነካው ምን ይሆናል የሚለው ገና ብዙ የሚሠራበት ጉዳይ ነው።

የመስኮት መስታወትን ቶሎ ልለፈው። ሶዲየሙ የታሰረ ሳይሆን የተጠጋ ስለሆነ፣ አዮን ሲዘንብበት ቦታውን ለቆ ይሰደዳል፣ ላዩ ከሶዲየም ይራቆታል። ስለዚህ እዚያ የምታዩት ብልሽት የቅርጽም የቅመምም ነው።

በመጨረሻ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ብናሞቀውስ አይመለስም?" ብሎ ጠየቀ። ይመለሳል። ጥቂት መቶ ዲግሪ ሲሞቅ ባዶ እጆቹ አብዛኞቹ ይያያዛሉ፣ አልትራቫዮሌት እንደገና ያልፋል። የጠበቡት ቀለበቶች ግን ግትር ናቸው፣ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ወደ 900 ዲግሪ እየተጠጋችሁ ስትሄዱ እፍጋቱ ወደ 2.20 ይመለሳል። ልጁ አልረካም። "የገባችው አዮንስ?" አለ።

ጥያቄው ልክ ነው፣ እሷን እስካሁን ረስተናት ነበር። ሂሊየም ብትሆን ሾልካ ትወጣለች። ወርቅ ከሆነች ግን አትወጣም። በዚያ ሙቀት መስታወቱ ቁስሉን ሲዘጋ ተበታትነው የተቀበሩት የወርቅ አተሞች እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፣ ጥቂት ናኖሜትር የሚያክል ጠብታ ይሆናሉ፣ አረንጓዴውን ብርሃን መዋጥ ይጀምራሉ። እንደ ውኃ ጠርታ ምድጃ የገባችው ቁራጭ ቀላ ብላ ትወጣለች።